ኤልክን ከአደን ወቅት በፊት መቃኘት፦ ለኮሎራዶ ተራራማ ደን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጁላይ ላይ ከዛፍ ወሰን (ዛፍ መብቀል ከሚያቆምበት ከፍታ) በላይ፣ ለምለም ሣር ላይ ተዝናንቶ ሲግጥ በመነጽር የምታዩት የኤልክ (ትልቅ ቀንዳም የሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳ) መንጋ ኦክቶበር ላይ እዚያ አይጠብቃችሁም። የጀማሪ አዳኝ ልፋት ገደል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በጋውን ሙሉ ኮርማ ሲቆጥር ይከርማል፣ ወቅቱ ሲከፈት ባዶ ተራራ ይጠብቀዋል፣ "ዘንድሮ ኤልክ የለም" ብሎ ይመለሳል። ኤልኩማ አለ፤ ሰው ሲመጣበት ወደሚሸሸግበት ሰዋራ ገብቶ ነው። ስለዚህ የቅኝት ዋና ሥራው እንስሳውን ማየት ሳይሆን፣ ሰው፣ ነፋስና በረዶ ሲገፉት የት እንደሚገባ ቀድሞ ማወቅ ነው።

መመሪያው ኮሎራዶን ይዞ የሚሄደው በሁለት ምክንያት ነው። ግዛቱ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ኤልክ አለው፤ በአሜሪካ ይህን ያህል ያለው ሌላ ግዛት የለም። ደንቨርና አውሮራ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪም በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ጥቂት ሰዓት ነድቶ ዋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ስለ እንስሳው ጥቂት። ኤልክን በአማርኛ "አጋዘን" የሚሉት አሉ፤ ነገር ግን የባሌው ደጋ አጋዘን ቀንዱ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ሲኖር፣ የኤልክ ኮርማ በየዓመቱ በጸደይ ቀንዱን ጥሎ እንደገና ያበቅላል። እስከ ኦገስት አጋማሽ ድረስ ቀንዱ በለስላሳ ቆዳ የተሸፈነ ነው። ከዚያ ቆዳውን ዛፍ ላይ እየፋቀ ይገፈዋል። አንድ የደረሰ ኮርማ ከ300 ኪሎ ያልፋል፣ እንስቷ ደግሞ ከ200 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ይህን ያህል አካል ያለው እንስሳ መንጋ ሆኖ ሲሄድ ዱካውን መደበቅ አይችልም። ችግሩ ዱካው የመቼ እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ከዚያ ተራራው

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ማንኛውም ሰው በኮሎራዶ የአደን ፈቃድ ለማግኘት የአዳኝ ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። በነዋሪ ዋጋ ለመግዛት ቢያንስ 6 ወር ያለማቋረጥ ግዛቱ ውስጥ መኖር ይጠይቃል። የዕጣ ማመልከቻ የሚዘጋው በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ብዙ ሰው በጋ ላይ ነቅቶ ሲጠይቅ ጊዜው አልፎ ያገኘዋል፤ የሚቀረው ከዕጣ የተረፈውን ወይም በአንዳንድ አካባቢዎች ያለ ዕጣ የሚሸጠውን መግዛት ነው።

ይህን እዚህ ያነሳነው ለወረቀቱ ብለን አይደለም። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ዩኒት (ለአደን የተከለለ አካባቢ) እና ወቅት የምትቃኙትን ከፍታ ይወስናል። የቀስት አደን ከሴፕቴምበር 2 ጀምሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘልቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 27 ይከፈታል ማለት ነው። የጠመንጃ አደን ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መገባደጃ በአራት ዙር ይካሄዳል። የቀስት ፈቃድ የያዘ ሰው 3,300 ሜትር ላይ ቢቃኝ ልክ ነው። የሦስተኛ ዙር ጠመንጃ የያዘ ሰው ግን እዚያ ላይ የሚያጠፋው ቀን ባብዛኛው የከሰረ ነው። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚንሸራተቱ የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የዓመቱን የትልልቅ አውሬ አደን መጽሔት አውርዳችሁ ያዙ።

ካርታው ላይ ማደን

የቅኝቱ ግማሽ የሚያልቀው ወንበር ላይ ነው፤ እግር መቆጠብ የሚቻለውም እዚህ ነው። ኦንኤክስ፣ ካልቶፖ ወይም ጋያ ከሚባሉት የካርታ መተግበሪያዎች አንዱ ይበቃል። የሳተላይት ምስሉን በነጻ ለማየት ጉግል ኧርዝ አለ።

መጀመሪያ የመሬቱን ባለቤትነት የሚያሳየውን ንብርብር ክፈቱ። ብሔራዊ ደንና የፌዴራል የመሬት አስተዳደር ይዞታ ለሕዝብ ክፍት ነው። የግል መሬት ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይገባም፤ በኮሎራዶ ባለቤቱ አጥር እንዲያጥር ወይም ምልክት እንዲሰቅል ሕጉ አያስገድደውም፣ ስለዚህ "ጽሑፍ አላየሁም" ማለት አያድንም።

ቀጥላችሁ መኪናና ባለአራት ጎማ ሞተር የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ አቅልሙ። ከእያንዳንዱ መንገድ ግራና ቀኝ 1.5 ኪሎሜትር ስትለኩ አብዛኛው ካርታ ተሸፍኖ፣ እዚህም እዚያም ጥቂት ባዶ ኪስ ይቀራል። ኦሪገን ውስጥ በስታርኪ የምርምር ደን ከ1989 ጀምሮ የተደረገው ጥናት ኤልክ ተሽከርካሪ ከሚበዛበት መንገድ እንደሚሸሽ በተደጋጋሚ አሳይቷል። የቀሩት ኪሶች የመጀመሪያ እጩዎቻችሁ ናቸው።

ግን ርቀትን በኪሎሜትር ብቻ አትመዝኑ። ከመንገድ ጥግ 500 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ፣ በወደቀ ግንድ የተዘጋ ገደላማ ጥግ ለጥ ባለ መንገድ ከ5 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል፤ ማንም ሥጋ ተሸክሞ ሽቅብ መውጣት ስለማይፈልግ ማንም አይወርድበትም። ኤልክ ይህን ያውቃል። መኪናው ሲያልፍ እየሰማ የሚተኛ መንጋ ብዙ ነው።

አሁን የከፍታ መስመሮቹን አንብቡ። በ1፡24,000 የአሜሪካ መደበኛ ካርታ ላይ በተራራማው አካባቢ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ብዙውን ጊዜ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ገደማ ነው። የምትፈልጉት ሦስት ቅርጽ ነው። አንደኛው መደብ ነው፤ መስመሮቹ ጥቅጥቅ ብለው ሲወርዱ ድንገት ራቅ ራቅ የሚሉበት ቦታ። ልክ እንደ ቤት መደብ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተዘረጋ ጠፍጣፋ መሬት ነው፣ ኤልክ የሚተኛውም እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው ኮርቻ ነው፤ በሁለት ጉብታ መካከል ያለ ዝቅታ፣ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው መሻገሪያ በር። ሦስተኛው ሰሜን የሚያይ ተዳፋት ነው። ፀሐይ ስለማይበረታበት ስፕሩስና ፈር የሚባሉት የጥድ ዘመዶች ጥቅጥቅ ብለው ይበቅሉበታል፤ አዳኞች "ጥቁር ደን" የሚሉት ይህን ነው። በሙቀት ቀን ጥላ፣ በአደን ቀን መሸሸጊያ ይሆናል።

በመጨረሻ የሳተላይቱን ምስል ደርቡበት። መስክ፣ የአስፐን ዛፍ ያለበት ተዳፋት ወይም ከጥቂት ዓመት በፊት የተቃጠለ ደን ምግብ ይሰጣል። ቃጠሎ ያለፈበት መሬት ለዓመታት ሣርና ቅጠላ ቅጠል ስለሚያወጣ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ምግብ፣ ውኃና ጥቁር ደን በ1.5 ኪሎሜትር ክብ ውስጥ ሲገናኙ ፒን አድርጉ። ከ10 እስከ 12 ፒን ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ፒን አንድ ጥያቄ መልሱ፦ በመክፈቻው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሌላ አዳኝ ከቅርቡ የመኪና ማቆሚያ ተነስቶ በመንገዱ ቢመጣ፣ እዚህ የሚግጠው መንጋ በየትኛው ኮርቻ ወጥቶ የት ይደበቃል? መልሱን በሌላ ቀለም ፒን አድርጉ። መልስ ያልተገኘላቸውን ሰርዙ። 4 ወይም 5 ይቀራሉ። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱት፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም።

ነፋስን ሳያውቁ አለመግባት

ኤልክ በዓይኑ አይቷችሁ ሊያመነታ ይችላል፣ በጆሮው ሰምቷችሁ ቆሞ ሊያዳምጥ ይችላል። ካሸተታችሁ ግን አይጠራጠርም። ሸለቆውን ለቅቆ ይሄዳል፣ ምናልባትም ለብዙ ቀን አይመለስም።

የተራራ ነፋስ ሰዓት አለው። ማታ ፀሐይ ስትገባ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና እንደ ውኃ በየፈፋው ወደ ታች ይፈሳል። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ስትመታ አየሩ ይሞቅና ሽቅብ ይነሳል። በሁለቱ መካከል፣ ባብዛኛው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ነፋሱ ወዲህ ወዲያ የሚዋልልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ቁጭ በሉ፣ አትንቀሳቀሱ። ኤልክ ከተዳፋቱ የላይኛው ሲሶ ላይ መተኛት የሚወደው ለዚህ ነው፤ ከታች የሚመጣውን ሽታ የሚነሳው አየር ያመጣለታል፣ ከላይ የሚመጣውን ደግሞ ሸንተረሩን ተሻግሮ የሚወርደው ነፋስ።

ሽታ የሌለው ደቃቅ ዱቄት በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ። ጫን ስትሉት ብናኙ ቡፍ ይላል። አንድ ጊዜ አይታችሁ አትተዉት፤ 20 ሜትር እስኪሄድ በዓይን ተከተሉት። ፊታችሁ ላይ ወደ ግራ የሄደው ብናኝ ትንሽ ርቆ ፈፋው አፍ ላይ ሲደርስ ተጠምዝዞ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ያቺ መጠምዘዣ ካርታ ላይ የለችም፣ ትንበያ ላይም አትገኝም፤ በአደኑ ቀን የሚያስበላችሁ ግን እሷ ናት። ሰዓቱንና አቅጣጫውን ፒኑ ላይ ጻፉ፦ "ከጠዋቱ 1፡30፣ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል" ብትሉ ይበቃል።

ከሩቅ ማየት፦ ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት

የመጀመሪያው ጉዞ የዓይን እንጂ የእግር አይደለም። 10 በ42 የሆነ (10 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ይበቃል፣ ግን ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ካልተሰካ ግማሽ ጥቅሙ ይጠፋል። በእጅ የተያዘ መነጽር ስለሚንቀጠቀጥ ዓይን የሚይዘው የሚሮጠውን ብቻ ነው። ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያቀርብ ቴሌስኮፕ ካላችሁ ቀንድ ለመቁጠር ይረዳል፤ ከሌላችሁ አትበደሩ።

ከምትቃኙት ሸለቆ ማዶ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎሜትር ራቅ ብላችሁ፣ ጎህ ሳይቀድ ቦታ ያዙ። ሰማይ ላይ ጥላችሁ እንዳይታይ ከሸንተረሩ ጫፍ ዝቅ በሉ። ብርሃን ሲመጣ መጀመሪያ ክፍቱን መስክ በፍጥነት፣ ቀጥሎ የደኑን ጠርዝ በዝግታ አስሱ። ኤልክ ለመነጽር ሙሉ ሆኖ አይታይም። በቆመ ዛፍ መካከል የተጋደመ መስመር፣ ገረጣ ያለ ቢጫ ቂጥ፣ ጠቆር ያለ አንገት ነው የሚታየው። ከቦታ ቦታ ሳትዘሉ እንደ እርሻ ትልም ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ሂዱ።

ዋናው ነገር የሚመጣው መንጋው ከተገኘ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ይነሳል፤ ስህተት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ቆዩና መንጋው በየት በኩል ደን ውስጥ እንደሚገባ እዩ። ሲግጥ ያያችሁበት ቦታ የበጋ ምግቡ ነው፣ የገባበት በር ግን ወደ መኝታው ያደርሳችኋል። ማታም እንዲሁ፤ የወጣበትን በርና ሰዓት መዝግቡ።

በዚህ ጊዜ ኮርማዎቹ ከእንስቶቹ ተለይተው በትንንሽ ቡድን ከፍ ብለው ይገኛሉ። እንስቶቹ ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ የወለዷቸውን ጥጆች ይዘው ዝቅ ይላሉ። የቀስት ፈቃድ ካላችሁ እንስቶቹን ምልክት አድርጉ፤ የስሪያ ወቅት ሲመጣ ኮርማው እነሱን ፍለጋ ይወርዳል። ጥሪው የሚደምቀው ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ፣ መስቀልን ተሻግሮ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ለማስታወስ ከዚህ የቀለለ የለም።

መነጽሩ ላይ ሳላችሁ ዓይናችሁን ለሕጉም አሠልጥኑ። በአብዛኞቹ የኮሎራዶ ዩኒቶች የሚፈቀደው ኮርማ ቢያንስ በአንዱ ቀንዱ ላይ 4 ጫፍ ያለው ወይም ከግንባሩ በላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ 5 ኢንች፣ ማለትም 13 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነለት ነው። ሙስ የሚባለውን ትልቅ እንስሳ ከኤልክ መለየትም ልመዱ። ሙስ ጥቁር ነው፣ ገረጣ ያለ ቂጥ የለውም፣ አፍንጫው ወፍራምና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። በየዓመቱ በስህተት ሙስ የሚመታ አዳኝ አይጠፋም፣ ቅጣቱም ከባድ ነው።

በእግር ገብቶ ዱካ ማንበብ

ከርቀት የታየውን አሁን በቅርብ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በእኩለ ቀን፣ የነፋሱ አቅጣጫ በረጋበት ሰዓት ግቡ፤ በአንድ በጋ ወደ አንድ ኪስ አንድ ጊዜ ብቻ። መኝታውን ሰንጥቃችሁ አትለፉ፣ ዙሩት።

ኮቴ። የደረሰ ኮርማ ኮቴ ርዝመቱ ከ10 እስከ 11 ሴንቲሜትር ነው፣ የእንስቷ በትንሹ ያንሳል። የኤልክ ታናሽ ዘመድ የሆነው ሚዩል ዲር ከ8 ሴንቲሜትር አያልፍም፤ የሙሱ ደግሞ 13 ደርሶ ጫፉ ሹል ነው። የሚያሳስተው የቤት ከብት ነው። በብሔራዊ ደን ውስጥ አርቢዎች በበጋ ከብት ያሰማራሉ፣ ስለዚህ "ኤልክ የሞላበት" የተባለ ምንጭ ዳር ጥጃ ሲጠጣ የከረመበት ሊሆን ይችላል። የከብት ኮቴ ክብና ሰፊ ነው፣ ጫፉም ዱልዱም። የኤልክ ረዘም ብሎ ከፊት ይጠብባል።

በጠጥ። የፍየል በጠጥ የሚያውቅ ሰው አይስተውም፤ ቅርጹ ያው ሆኖ መጠኑ ትልቅ፣ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ነው። በጋ ላይ ለምለም ሣር ስለሚበላ ተጣብቆ ከከብት እበት ያነሰ ክምር ይሆናል። በእንጨት ስበሩት። ውጪው አብረቅርቆ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ የዛሬ ወይም የትናንት ነው። ውጪው ደርቆ ውስጡ ገና ለስላሳ ከሆነ የቀናት ነው። ነጣ ብሎ የሚፈረፈር ከሆነ ያለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ ያለ በግማሽ ቀን የሚደርቀውን ያህል ጥላ ውስጥ ያለ ሦስት ቀን ይቆያል፣ ስለዚህ ቦታውን ሳታዩ ዕድሜ አትስጡት። ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ዝናብ ነው። መጨረሻ የዘነበበትን ቀን ማስታወሻ ላይ ያዙ፤ ጠብታ ያልበሳው ኮቴ ከዝናቡ ወዲህ የተረገጠ ነው።

የቀንድ ማሻሻ። ኮርማው ክንድ ወይም ጭን የሚያህል ግንድ መርጦ ልጡን ይገፈዋል። ሙጫው ገና የሚንጠባጠብ ከሆነ ትኩስ ነው፤ የገረጣና የጠቆረ የአምና ወይም የካቻምና። እዚህ ላይ ከብዙ አዳኞች እንለያለን፦ አሮጌው ማሻሻ ከትኩሱ ይበልጣል። በአንድ መደብ ላይ የሦስትና የአራት ዓመት ማሻሻ ተደርድሮ ካያችሁ ኮርማዎች በየሴፕቴምበሩ ወደዚያው ይመለሳሉ ማለት ነው። አንድ ትኩስ ማሻሻ ግን አላፊ እንስሳ በአንድ ሌሊት የሠራው ሊሆን ይችላል።

የጭቃ መንከባለያው ደግሞ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ምንጭ በሚያረግገው ጥላማ መደብ ላይ፣ ከመኝታ አልጋ የማይበልጥ ጥቁር የጭቃ ገንዳ ነው። ቀርባችሁ ቁጭ በሉ። ውኃው ላይ ደለሉ ገና ካልሰከነ ኮርማው ከሄደ ሰዓታት ቢሆነው ነው። ዳሩ ላይ የፀጉር ቅርጽ እንደ ብሩሽ ታትሞ ይታያል። አፍንጫችሁ የጋጣ ሽታና ሽንት የቀላቀለ ከባድ ጠረን ይለያል። ከዚያ የወጣበትን መንገድ ተከትላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ዛፎች እዩ፤ ጭቃው ግንዱ ላይ በደረታችሁ ቁመት ተለጥፎ ይገኛል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ የዛሬ ነው። ነጥቶ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ሳምንት አልፎታል። ውኃው ኩልል ብሎ ዳሩ የተሰነጠቀ ከሆነ ቦታውን መዝግቡና እለፉ፤ ዋና የመንከባለያ ጊዜው ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ስሪያው ነው፣ ጁላይ ላይ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ምንም አያሳይም። ጭቃውን አትርገጡ፣ እጃችሁን አትንከሩ፣ ዳሩ ላይ አትሽኑ። የሚስቅ ይኖራል፣ ግን የሚያደርገው ሰው አለ።

መኝታ ከሜትር በላይ የሚረዝም ሞላላ ጎድጓድ ነው፤ ሣሩ ወይም የጥዱ ቅጠል ተጋድሞ ይታያል። አንዱን ብቻ አይታችሁ አትሂዱ። ስድስትና ሰባት በአንድ ላይ፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ከሆኑ የእንስቶች መንጋ ነው። ነጠላ፣ ትልቅ፣ ገደል አፍ ላይ ያለ ከሆነ የኮርማ ነው ማለት ይቻላል።

ካሜራና ድሮን

እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳውን የደን ካሜራ ከመተላለፊያው ከ10 እስከ 12 ሜትር ርቃችሁ፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደ ሰሜን አዙራችሁ ስቀሉ። ምሥራቅና ምዕራብ የሚያይ ካሜራ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ይመታውና ወርቃማው ሰዓት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፊቱ ያለውን ሣርና ቀምበጥ ቁረጡ፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሺህ ባዶ ፎቶ ያነሳል። ኮርቻ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ከመንከባለያ ላይ ከተሰቀለው የበለጠ መረጃ ይሰጣል፣ የሚያልፈውን ሁሉ ከነሰዓቱና ከነአቅጣጫው ስለሚይዝ። በየሳምንቱ ካርድ ለመቀየር መመላለስ ግን ቅኝቱን ማበላሸት ነው፤ ጁላይ ላይ ስቀሉ፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ አንሱ።

በቀጥታ ወደ ስልክ ምስል የሚልክ ካሜራን በኮሎራዶ ለአደን መጠቀም የጊዜ ገደብ አለበት፤ ደንቡን መጽሔቱ ላይ አንብቡ። በድሮን ለአደን እንስሳ መፈለግ ደግሞ ክልክል ነው። የወደቀ ቀንድ ለመልቀም በጸደይ የሚወጡም ይጠንቀቁ፤ ከኢንተርስቴት 25 በስተምዕራብ ባለው የሕዝብ መሬት ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 አይፈቀድም።

የበጋውን መረጃ ወደ አደኑ ቀን ማዛወር

ለቀስት አደን የኦገስት መጨረሻው መረጃ ከነሕይወቱ ያገለግላል፤ መንጋው ብዙም አልራቀም። የመጀመሪያው የጠመንጃ ዙር ሲመጣ ስሪያው እያለቀ፣ ሳምንታት ሙሉ የቀስተኛ ጫጫታ አልፎበት መንጋው ወደ ጥቁር ደን ገብቷል። በሁለተኛው ቀለም ያደረጋችኋቸው የመሸሸጊያ ፒኖች ሥራቸው አሁን ነው። በመክፈቻው ጠዋት መስኩ ላይ ሳይሆን በመስኩና በመሸሸጊያው መካከል ባለው ኮርቻ ላይ ቁጭ በሉ፤ ሌሎች አዳኞች ወደ እናንተ ይነዱታል። ይህ ስስት የሚመስለው ካለ፣ እነሱም ቢያውቁ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

በኋለኞቹ ዙሮች ወሳኙ በረዶ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን በረዶ ኤልክን አያስጨንቀውም፣ በኮቴው ጭሮ ይግጣል። ጉልበት ሲደርስ ግን መውረድ ይጀምራል፣ መጀመሪያ እንስቶቹ፣ ከኋላ ትልልቆቹ ኮርማዎች። ስለዚህ ለኖቬምበር የሚቃኝ ሰው የአስፐኑን ታችኛ ወሰንና ከሥሩ ያለውን የኦክ ቁጥቋጦ፣ ከ2,200 እስከ 2,800 ሜትር ያለውን፣ ደቡብ የሚያይ ተዳፋት ይይዝ። እዚያ የግል መሬት ስለሚበዛ ወሰኑን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው።

ሰውን የሚጎዳው

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ናት፣ ደንቨር 1,600 ላይ። "እኔ የደጋ ልጅ ነኝ" የሚል ሁሉ ከደንቨር ተነስቶ በአንድ ጠዋት 3,400 ሜትር ሲወጣ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ለዓመታት ዝቅ ብሎ የኖረ ደም የልጅነቱን ተራራ አያስታውስም። ራስ ምታቱ ማቅለሽለሽ ካስከተለ ውረዱ፤ ከመውረድ የተሻለ መድኃኒት የለውም። በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ውኃ ያዙ። ጁላይና ኦገስት ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የዘወትር ነው፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ከዛፍ ወሰን በታች ሁኑ። ጥንዚዛ የገደለው የደረቀ ጥድ ነፋስ ሲነሳ ያለማስጠንቀቂያ ይወድቃል፤ ከሥሩ ድንኳን አትትከሉ። ጥቁር ድብ ስላለ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደርም። የምትመለሱበትን ሰዓትና መኪናችሁን የምታቆሙበትን ቦታ ለአንድ ሰው ጽፋችሁ ተዉ።

መውጫውን ቀድሞ መለካት

ከአንድ ትልቅ ኮርማ አጥንቱ ወጥቶ 100 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይገኛል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 25 ኪሎ ቢሸከም 4 ጊዜ ነው። ፒናችሁ ከመኪናው 4 ኪሎሜትር ቢርቅ፣ 4 ጊዜ ተሸክሞ መውጣትና 3 ጊዜ ባዶ መመለስ 28 ኪሎሜትር ይሆናል። ሴፕቴምበር ላይ ቀኑ ስለሚሞቅ፣ ከቆዳው በፍጥነት ያልተላቀቀና ጥላ ውስጥ ያልተሰቀለ ሥጋ በዚያው ቀን ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በቅኝቱ ጊዜ ከእያንዳንዱ ፒን ወደ መኪናው የሚወስደውን መንገድ 15 ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ሂዱበት፣ ሰዓቱን መዝግቡ፣ በሰባት አባዙት። ውጤቱ ከአንድ ቀን በላይ ከሆነ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋችኋል፣ ወይም ያ ፒን ይሰረዝ። ሥጋውን ለዘመድ ወዳጅ ልታካፍሉ ያሰባችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ያልተባረከ ወይም ሐላል ያልሆነ የማይበላ አለ፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ስለሚገባ የኋለኞቹ ዙሮች ሥጋ በብዙ ቤት እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ነው የሚከርመው። የፍሪዘሩን ቦታም ከወዲሁ ለኩ።

ከመክፈቻው በፊት ያለውን የመጨረሻ ሳምንት ከኪሶቹ ራቁ። መነጽር ብቻ፣ ከማዶ፣ አንድ ጠዋት። ለጠመንጃ ወቅት 500 ካሬ ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ከወገብ በላይና ተመሳሳይ ቀለም ያለው ኮፍያ አዘጋጁ፤ ካርታው ስልኩ ላይ መውረዱን፣ የፒኖቹን የነፋስ ማስታወሻ፣ የዱቄቷን ጠርሙስ አረጋግጡ። ለምሳሌ ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ የሚወርድበትን ፒን ከያዛችሁ፣ ከዚያ ነፋስ ጋር የሚገጥመውን የመግቢያ መንገድ ምረጡና ሌላውን ለሁለተኛው ቀን ተዉት።